አንድ ማይክሮአምፔር፣ አንድ ዓመት

ከላንቻ ፌርማታ ቀላል ባቡር የተሳፈረ ሰው ጠመንጃ ያዥን፣ ሪቼን፣ መሿለኪያንና ስታዲየምን አልፎ ለገሃር ሲወርድ ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብዙም አይርቅም። ባቡሩ ከበላዩ ከተዘረጋው ሽቦ በ750 ቮልት ኤሌክትሪክ እየሳበ ይጓዛል። ከተሳፋሪዎቹ መካከል ልቡን በኤሌክትሪክ ምት የሚቀሰቅስ ፔስሜከር የተገጠመለት ታካሚ ቢኖር ግን፣ ደረቱ ውስጥ ያለው መሣሪያ የሚጠቀመው ኃይል በዋት ሚሊዮንኛ የሚለካ ነው። ያም ኃይል ቻርጅ አይደረግም። ከፋብሪካ ይዞት የወጣው ባትሪ ሲደክም ቆዳው እንደገና ተከፍቶ መሣሪያው ይለወጣል።

የልብ ሕክምና በኢትዮጵያ የቆየ የሕዝብ ጉዳይ ነው። ዶክተር በላይ አበጋዝ የኢትዮጵያ የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከልን ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1989 ነበር። በጥቁር አንበሳ ግቢ የልብ ሕክምና ማዕከሉ ሥራ የጀመረው ደግሞ ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ2009 ነው። በመካከሉ ወደ ውጭ የተላኩ ሕፃናት ነበሩ፤ በሺዎች የሚቆጠሩት ደግሞ ተራ ሲጠብቁ ኖረዋል። የፔስሜከር ነገርም ከዚህ የተለየ አይደለም። የመላው አፍሪካ የልብ ሐኪሞች ማኅበር፣ ፓስካር፣ በ2018 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ በአማካይ ቦታ ላይ በሚገኘው አገር በዓመት ፔስሜከር የሚገጠመው ከአንድ ሚሊዮን ሰው ለ3 እንኳ ለማይሞላ ነው። በብዙ የአውሮፓ አገሮች ቁጥሩ በመቶዎች ነው። የመጀመሪያውን መሣሪያ በእርዳታ ወይም በቤተሰብ መዋጮ ያገኘ ሰው ሁለተኛውን ከየት ያመጣል? ባትሪው 8 ዓመት ይቆይ ወይስ 12 የሚለው ጥያቄ እዚህ አገር ክብደቱ ሌላ ነው።

መልሱ የሚገኘው በአብዛኛው በባትሪው መጠን ሳይሆን በቺፑ ውስጥ ነው።

ሂሳቡን በወረቀት መሥራት ይቻላል። ባትሪው 1 አምፔር-ሰዓት ይይዛል እንበል። 10 ዓመት 87,600 ሰዓት ነው። ስለዚህ መሣሪያው 10 ዓመት እንዲቆይ ከተፈለገ በአማካይ ከ11.4 ማይክሮአምፔር በላይ መውሰድ አይችልም። ልብን የሚቀሰቅሰው ምት ከዚህ ውስጥ ስንት ይወስዳል? በ2.5 ቮልት፣ ለ0.4 ሚሊሰከንድ፣ 500 ኦም መቋቋም ባለው ሽቦ፣ በደቂቃ 70 ጊዜ ቢላክ፣ አማካዩ 2.3 ማይክሮአምፔር ገደማ ይሆናል። የቀረው 9 ማይክሮአምፔር ልብን ሌት ተቀን ለማዳመጥ፣ የተሰማውን ወደ ቁጥር ለመለወጥ፣ ለመመዝገብና ለመወሰን የሚውል ነው። እዚህ ላይ 1 ማይክሮአምፔር የቆጠበ መሐንዲስ ለታካሚው አንድ ዓመት ያህል ጨመረለት ማለት ነው።

ሰውነት ውስጥ የተቀበረው የመጀመሪያው ፔስሜከር ማዳመጥ አይችልም ነበር። በጥቅምት 8 ቀን 1958 እ.ኤ.አ. ስዊድን ውስጥ በካሮሊንስካ ሆስፒታል ሐኪሙ ኦኬ ሴኒንግ፣ መሐንዲሱ ሩነ ኤልምክቪስት የሠራውን መሣሪያ ለአርነ ላርሶን ገጠመለት። መሣሪያው ከጥቂት ሰዓታት በላይ አልሠራም። ላርሶን በሕይወቱ 26 ፔስሜከር ተቀያይሮለት በ2001 በ86 ዓመቱ አረፈ። አሜሪካዊው ዊልሰን ግሬትባች በበኩሉ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ሊትየም-አዮዳይድ ባትሪን ወደዚህ ሥራ አስገባ፤ ሁለት ዓመት ያህል ብቻ ይቆይ የነበረው የሜርኩሪ ባትሪም ቦታውን ለቀቀ። ከዚያ ወዲህ የባትሪው ጉልበት የሚያድገው በዝግታ ነው። ትልቁን ቁጠባ ያመጣው የቺፑ ንድፍ ነው።

ልብ የምታሰማው ሲግናል በጥቂት ሚሊቮልት የሚለካ፣ ከፍ ዝቅ የሚል ማዕበል ነው። ዲጂታል ቺፕ ደግሞ የሚያውቀው ቁጥር ብቻ ነው። በሁለቱ መካከል የሚቆመው መለወጫ፣ በመሐንዲሶች አጠራር አናሎግ-ዲጂታል ኮንቨርተር፣ በሰከንድ በመቶዎች ጊዜ ሲግናሉን እየለካ ቁጥር ያደርገዋል። በ8 ቢት 256 ደረጃ አለ። አንዱ ዘዴ 255 አነጻጻሪዎችን በአንድ ጊዜ ማሠራት ነው፤ ፈጣን ነው፣ ግን ኃይል ይበላል። በሰውነት ውስጥ ለሚቀበር መሣሪያ የሚመረጠው ሌላው ነው። የወርቅ ነጋዴ በሚዛኑ ላይ መጀመሪያ ትልቁን መዘኛ፣ ቀጥሎ ግማሹን፣ ከዚያ የግማሹን ግማሽ እያስቀመጠ እንደሚመዝነው፣ አንድ አነጻጻሪ ብቻ በ8 ሙከራ መልሱን ያገኘዋል። መዘኛዎቹ ጥቃቅን ካፓሲተሮች ናቸው። አንዱን ካፓሲተር ለመሙላት የሚጠፋው ኃይል ከቮልቴጁ ካሬ ጋር የሚያድግ ስለሆነ፣ ቮልቴጁን በግማሽ መቀነስ የኃይሉን ፍጆታ ወደ ሩብ ያወርደዋል።

ሌላም መንገድ አለ። በሁለት የልብ ምት መካከል ሲግናሉ ዝም ብሎ የሚተኛበት ጊዜ ብዙ ነው። በየጊዜው ከመለካት ይልቅ ሲግናሉ አንድን ደረጃ ሲያልፍ ብቻ የሚነቃ መለወጫ በዚያ ዝምታ ኃይል አያባክንም።

ቁጠባው ወሰን አለው። ቮልቴጁ ከልክ በታች ከወረደ ረብሻው ከሲግናሉ ጋር ይቀራረባል። መሣሪያው የጡንቻን እንቅስቃሴ የልብ ምት መስሎት፣ «ልብ በራሷ እየመታች ነው» ብሎ ምቱን ሊያስቀር ይችላል፤ ታካሚው ራሱን ይስታል። ለዚህ ነው ዘርፉ ቁጠባንና ጥንቃቄን አብሮ የሚጠይቀው።

የተቆጠበው ኃይል ሁለተኛ ሰው ጋም ሊደርስ ይችላል። በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው «ልቤ ልብህ» የሚል ትርጉም ያለው ፕሮጀክት ከሟቾች በቤተሰብ ፈቃድ የተወሰዱ ፔስሜከሮችን አጽድቶና ፈትሾ ለሌላ ታካሚ ያዘጋጃል። ጎረቤት ኬንያን ጨምሮ በ7 አገሮች፣ ወደ 300 በሚጠጉ ሕሙማን ላይ የተደረገው ሙከራ በኅዳር 2024 በአሜሪካ የልብ ማኅበር ጉባኤ ቀርቧል። እንደገና የተዘጋጁት መሣሪያዎች ከአዲሶቹ ያነሰ ደኅንነት አላሳዩም። መሣሪያው ለዚህ የሚመረጠው ግን ባትሪው ገና ብዙ ዓመት የሚቀረው ከሆነ ብቻ ነው።

ኢትዮጵያ ፔስሜከር የሚያመርት ፋብሪካ ባይኖራትም ከዚህ የቺፕ ንድፍ ሥራ ውጭ የምትሆንበት ምክንያት የለም። በአምስት ኪሎው የአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም ሆነ በጅማ ዩኒቨርሲቲ የባዮሜዲካል ምሕንድስና ትምህርት ይሰጣል። ጉግልና ስካይዎተር የተባለው የቺፕ ፋብሪካ በ2020 የ130 ናኖሜትር የንድፍ መረጃቸውን ለሁሉም ክፍት አድርገዋል፤ በነፃ ሶፍትዌር አንድ ተማሪ ሙሉ መለወጫ ነድፎ ፍጆታውን በኮምፒውተር መለካት ይችላል። የኪርቆስም ሆነ የልደታ ልጅ ለመመረቂያ ሥራው የልብን ሲግናል በጥቂት ናኖዋት የሚለካ ንድፍ ቢመርጥ፣ ከዓለም ተመራማሪዎች ጋር አንድ ዓይነት ጥያቄ ላይ ነው የሚሠራው።

መሣሪያ የሚገዙና እርዳታ የሚቀበሉ ተቋማትም ከዋጋው ጎን ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ አምራቹ የገለጸው የባትሪ ዕድሜ በምን ያህል ምት ተሰላ? ልብን ለማዳመጥ ብቻ ስንት ማይክሮአምፔር ይወስዳል? መሣሪያው ኢትዮጵያ ሲደርስ ባትሪው ስንት ዓመት ይቀረዋል? እነዚህ ቁጥሮች በአምራቾች የቴክኒክ መመሪያ ውስጥ የሚፈለጉ ናቸው። በጨረታ ሰነድ ላይ መስፈርት ሆነው ቢገቡ፣ ርካሽ ተብሎ የተገዛው መሣሪያ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ታካሚውን ለሁለተኛ ቀዶ ሕክምና የሚመልስበት አጋጣሚ ይቀንሳል።