የተኛውን ስንጥቅ የሚቀሰቅሰው ግፊት

በካናዳ፣ ከካልጋሪ ከተማ ወደ ሮኪ ተራሮች በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያምነስካ የተባለው ገደላማ ተራራ ይታያል። ገደሉ 500 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ያለው የኖራ ድንጋይ ነው፤ የተቀመጠው ግን 80 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ባስቆጠረ አለት ላይ ነው። አሮጌውን በወጣቱ ላይ ያወጣው የማኮኔል ስንጥቅ ነው፤ የላይኛው አለት 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተንሸራቶበታል። የካልጋሪ ጂኦሎጂስቶች እንዲህ ያለውን መታጠፍና መሰበር ለረጅም ዘመን ያጠኑት ነዳጅ ፍለጋ ነበር። ዛሬ ግን ከዚያ የሚበልጥ ጥያቄ ቀርቦላቸዋል፦ የተኛ ስንጥቅ በሰው ሥራ የሚነቃው እንዴት ነው?

ማስረጃው ያለው በዚያው በአልበርታ ግዛት፣ በፎክስ ክሪክ ነው። እዚያ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ጥልቀት ያለውን የዱቨርኔ አለት በውሃ ግፊት እየሰነጣጠቁ ጋዝ ማውጣት ሲስፋፋ የመሬት መንቀጥቀጥ በረከተ። ውሃው ስንጥቁን አለስልሶት ይመስላል፤ ዋናው ምክንያት ግን ይህ አይደለም። መጅን በወፍጮው ላይ አጥብቀው ሲጫኑት አልገፋ ይላል፤ ጫናው ሲቀልለት በዚያው ጉልበት ይሄዳል። በስንጥቁ ውስጥ የውሃ ግፊት ሲጨምርም ሁለቱን ፊቶች ያጣበቀው ጫና ይቀላል፣ ቀድሞ የተጠራቀመው ኃይልም መውጫ ያገኛል። የካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባኦ እና ኢተን እ.ኤ.አ. በ2016 ሳይንስ በተባለው መጽሔት እንዳሳዩት፣ ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ የራቀ ስንጥቅ እንኳ በአለቱ የጫና ለውጥ ሊንሸራተት ይችላል፤ ፈሳሹ በቀጥታ የገባበት ስንጥቅ ደግሞ ለወራት እየተመላለሰ ሊያንቀጠቅጥ ይችላል።

አብዛኞቹ ጉድጓዶች ምንም አላስከተሉም የሚል ተቃውሞ አለ። እውነት ነው፤ ነገር ግን ይህ የሚያሳየው ውሃ ብቻውን እንደማይበቃ፣ ለመንሸራተት የተቃረበ ስንጥቅም እንደሚያስፈልግ ነው። ትንንሹ መንቀጥቀጥ ትልቁን ያስቀራል የሚሉም አሉ፤ ስሌቱ ግን ይህን አይደግፍም። የመንቀጥቀጥ መጠን በአንድ ሲጨምር ጉልበቱ 32 እጥፍ ያህል ስለሚሆን፣ መጠኑ 6 የሆነውን ለመተካት መጠናቸው 4 የሆኑ አንድ ሺህ ያህል መንቀጥቀጦች ያስፈልጋሉ። መቀመጫው ካልጋሪ የሆነው የአልበርታ ኢነርጂ ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2015 ለፎክስ ክሪክ ያወጣው ትእዛዝ መጠኑ 2 ሲደርስ ለተቆጣጣሪው እንዲነገር፣ 4 ሲደርስ ሥራ እንዲቆም ያዛል። እ.ኤ.አ. በጥር 2016 እዚያው መጠኑ 4.8 የሆነ ሲመዘገብ ሥራው ቆሟል። ትእዛዙ ተገቢ ነው፤ ግን የሚሠራው አለቱ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ነው፣ ግፊቱም ፓምፑ ስለቆመ ወዲያው አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2019 በዚያው ግዛት ለሬድ ዲር አካባቢ የማቆሚያው ወሰን ወደ 3 ዝቅ ተደርጓል። ከቁፋሮው በፊት የስንጥቁን አቅጣጫና የተሸከመውን ጫና ማጥናት ግን በየትኛውም ወሰን አይተካም።