የያርናም ታሪክ አተረጓጐም

«ብለድቦርን» የጃፓኑ ፍሮምሶፍትዌር ኩባንያ በ2015 እ.ኤ.አ. ያወጣው የቪዲዮ ጨዋታ ነው። ያርናም በምትባለው ከተማ ሕዝቡ ደም እየወሰደ ከደዌው ይፈወሳል፤ ኋላ ግን አውሬ ይሆናል። ጨዋታው ይህን በተራ አይተርከውም። ተጫዋቹ በየመንገዱ የሚያነሣቸው ዕቃዎች አጫጭር መግለጫ አላቸውና ታሪኩ የሚለቀመው ከነዚህ ነው። አዘጋጁ ሂዴታካ ሚያዛኪ በልጅነቱ በሚገባ የማይገቡትን የእንግሊዝኛ መጻሕፍት እያነበበ የጐደለውን በሐሳቡ ይሞላ እንደ ነበር ተናግሯል።

እኛ የምንለው፣ ከሚነገረው በፊት የሚታየው ይመርመር ነው። በታላቁ ካቴድራል መንበር ላይ አንድ የራስ ቅል ይገኛል። የነካው ሰው፣ የፈውስ ቤተ ክርስቲያን መሥራች ሎረንስ ከመምህሩ ከዊሌም ሲለያይ ያያል። ቅሉ ግን የአውሬ ቅል ነው! በዚያው ዓመት በወጣው ተጨማሪ ክፍል የሎረንስ የሰው ቅል ይገኛል፤ መግለጫውም ይህ ቅል ያለው በቅዠት ዓለም ብቻ መሆኑን ያስረዳል። እንግዲህ ፈውሱን ያስፋፋው ሰው ራሱ አውሬ ሆኖ ቀርቷል።

እስከዚህ ማስረጃ አለን። ከዚህ ወዲያ ያለው ግምት ነው። ካህናቱ የቅሉን ነገር እንዴት አዩት? አንድም፣ አሳፍሯቸው ከሕዝቡ ሸሸጉት፤ አንድም፣ አውሬነቱን እንደ ቅድስና ቈጠሩት። ከጓደኞቻችን ብዙዎቹ የፊተኛውን ይመርጣሉ። እኛ ወደ ኋለኛው እናዘነብላለን፤ የሚያሳፍር ነገር በጓዳ ይቀበራል እንጂ በመንበር ላይ አይቀመጥምና። አለቃቸው አሜልያም አውሬ የሆነችው በዚያው ቅል ፊት ተንበርክካ ስትጸልይ ነው።