ያውቁ ኖሯል? አስተናግርና የሕዋስ ተቀባዮች

ብዙ መድኃኒት የሚሠራው በሕዋስ ላይ ካለ ተቀባይ ጋር ተጣብቆ ነው። ተቀባዩን ሥራ የሚያስጀምረው አጎኒስት፣ ቦታውን ይዞ ሌላውን የሚከለክለው አንታጎኒስት ይባላል። በየመንገዱ ዳር የሚበቅለው አስተናግር አትሮፒን የተባለ አንታጎኒስት አለው፤ የሰውነትን መልእክተኛ አሲታይልኮሊንን ቦታ ያሳጣዋል። ተክሉን የበላ ሰው አፉ ይደርቃል፣ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ ይቃዣል፤ ዘሩን ከልጆች ማራቅ ግድ ነው።

ይኸው መርዝ ሕይወትም ያድናል። እንደ ጥሊሊ ባሉ ድንች አብቃይ አካባቢዎች ገበሬው ማላታዮንን የመሰለ ፀረ ተባይ ሲመርዘው አሲታይልኮሊን በሰውነቱ ይከማቻል፤ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ሳንባው ፈሳሽ ይሞላል። ሐኪም አትሮፒን በደም ሥር ይሰጠዋል፣ ሳንባው እስኪደርቅም ይደጋግምለታል። ሁለቱ የሚሻሙት አንድ ቦታ ነውና፣ አሲታይልኮሊኑ በበዛ ቁጥር የሚያስፈልገው አትሮፒንም ይጨምራል።