የሚስጥር ቁጥሩን ማን ይጫን?

ፍኖተ ሰላም ውስጥ በአንድ የባንክ ቅርንጫፍ ለዓመታት በደንበኞች አገልግሎት የሠራች አንዲት ባለሙያ፣ የገበያ ቀንን የምትለየው ከቅርንጫፉ ደጅ ባለው የኤቲኤም ሰልፍ ነው። የሚሰለፉት ወጣቶች ናቸው። ካርዶቹ ግን የወጣቶቹ አይደሉም፤ የአባት፣ የአክስት፣ የጎረቤት ናቸው። በቆሎውን ወይም በርበሬውን ሸጦ ገንዘቡ ሂሳቡ ውስጥ የገባለት ገበሬ ጥላ ሥር ተቀምጦ ይጠብቃል፤ ካርዱና የሚስጥር ቁጥሩ በሰው እጅ ወደ ማሽኑ ይሄዳሉ።

አንድ አዛውንት በዚህ መልክ ይስተናገዱ ነበር። ያን ዕለት አብሯቸው የሚመጣው ልጅ ስላልነበረ ወደ እሷ መስኮት ቀረቡና «ልጄ፣ አንድ ሺህ ብር አውጭልኝ» አሏት። ካርዱ በፌስታል ተጠቅልሎ ከጋቢያቸው ጫፍ ላይ ተቋጥሯል። ሲፈቱት ጀርባው ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ አራት አሃዝ ተጽፎበታል፤ ቀለሙ እንዳይለቅ ደግሞ ፕላስተር ተለጥፎበታል። የልጅ ልጃቸው ነው የጻፈላቸው። «ብረሳውስ ብሎ ነው» አሉ።

እዚህ ውስጥ ክፋት የለም። ልጁ አያቱን ሊያግዝ ፈልጎ ነው፤ አያትም ልጁን አምነው ነው። ሆኖም ያ ካርድ ገበያ ላይ ቢወድቅ ያገኘው ሰው ገንዘቡን ለማውጣት ምንም አይጎድለውም። ባለሙያዋ በሥራዋ ካየቻቸው የካርድ አቤቱታዎች ብዙዎቹ የሚነሱትም ከዚሁ ነው። በፊልም እንደሚታየው ዓይነት የኮምፒውተር ሰርጎ ገብ እምብዛም አላጋጠማትም። ያጋጠማት ቁጥሩን የሚያውቅ የቅርብ ሰው፣ ወይም ማሽኑ ጋ «ላግዝዎት?» ብሎ ካርድ የሚቀይር መንገደኛ ነው።

«የሚስጥር ቁጥርዎን ለማንም አይስጡ» የሚለው ማስጠንቀቂያ በየባንኩ ግድግዳ ላይ አለ፤ በስልክ መልእክትም ይላካል። እሷም ስትደጋግመው ኖራለች። ነገር ግን ማሽኑን ነክተው ለማያውቁ ሰው ይህ ምክር ምን ይፈይዳል? ቁጥሩን ካልሰጡ ከማሽኑ ገንዘባቸውን አያገኙም። ስለዚህ ማስጠንቀቁን ሳትተው ሌላ ነገር ጀመረች፤ ባለካርዱን ራሱን ወደ ማሽኑ ትወስዳለች።

አካሄዷ ቀላል ነው። ካርዱን አትይዝም፤ ባለቤቱ ራሱ ያስገባል። ቺፑ ያለበት ጎን በየት በኩል እንደሚገባ ታሳያለች፣ አማርኛ የሚለውን እንዲመርጡ ትጠቁማለች፣ ቁጥሩ ሲጫን ጀርባዋን ትሰጣለች። በመጀመሪያው ቀን መቶ ብር ብቻ ይወጣል። ፊደል ያልቆጠሩ ሰዎችም ስልክ ሲደውሉ የኖሩ ናቸውና አሃዞቹን አያጡም፤ አንዳንዶቹ ቁጥሩን የሚይዙት ጣታቸው በቁልፎቹ ላይ በሚሄድበት አቅጣጫ ነው። የተጻፈበት ካርድ ይዘው ለመጡ መጀመሪያ የሚደረገው ቁጥሩን መቀየር ነው። አዲሱ 1234 አይሆንም፤ የልደት ዓመትም ሆነ የስልክ ቁጥር መጨረሻ አይሆንም። ሌላው እጅ ሁልጊዜ ከቁልፎቹ በላይ እንደ ጥላ ይዘረጋል። ሦስት ጊዜ ከተሳሳቱ ካርዱ እንደሚታገድም አስቀድማ ትነግራቸዋለች፤ ያን ሳያውቁ ማሽኑ ካርዱን የዋጠባቸው ሰዎች ገንዘባቸው የተወሰደ መስሏቸው ሲደነግጡ አይታለችና። ማሽኑ ከሂሳብ ቀንሶ ብሩን ሳይሰጥ ሲቀር ደግሞ ደረሰኙን ይዞ፣ ደረሰኝ ከሌለም ሰዓቱን አስታውሶ፣ በዚያው ቀን ለባንኩ ማመልከት ነው።

ይህ ሁሉ ለአንድ ሰው ሩብ ሰዓት ይፈጃል። ሰልፍ ባለበት ቀን ሩብ ሰዓት ብዙ ነው፤ የሥራ ባልደረቦቿም ይህን ሳይነግሯት አልቀሩም። እሷ ግን ያ ሰው በሚቀጥለው ወር ያለ አጃቢ ሲመጣ የጠፋው ጊዜ እንደሚካስ ታምናለች። ልክ ናት። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የመጀመሪያዎቹን ኤቲኤሞች ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው፤ ዛሬ ደግሞ ባንኮችን በሚያገናኘው ኢትስዊች በኩል የአንዱ ባንክ ካርድ በሌላው ባንክ ማሽን ይሠራል። ማሽኑ እንዲህ ሲስፋፋ አጠቃቀሙን ለማስተማር የዋለው ጊዜ ግን እጅግ ትንሽ ነው።

እዚህ አገር በአብዛኛው ሰው ኪስ ያለው ካርድ ብድር የሚሰጥ አይደለም፤ ያስቀመጡትን ገንዘብ ብቻ ያወጣል። ክሬዲት ካርድ የሚባለው፣ ባንኩ ቀድሞ ከፍሎ በወሩ መጨረሻ ሂሳቡን የሚጠይቅበት፣ ገጠሩ ድረስ አልመጣም። ብድሩ የመጣው በሌላ በር ነው። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብር የተባለውን የስልክ ገንዘብ አገልግሎት በግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀመረ። በቀጣዩ ዓመት ክረምት ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ «መላ» የተባለውን አነስተኛ ብድርና «እንደኪሴ» የተባለውን፣ ሂሳብ ሲያንስ የሚሞላ አገልግሎት አስተዋወቀ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ነዳጅ በኤሌክትሮኒክ ክፍያ ብቻ እንዲሸጥ ሲደረግ የባጃጅ ሹፌሩም ወደደም ጠላም ገንዘቡን ስልኩ ላይ ማድረግ ጀመረ። ማደያው ጋ ሂሳቡ ሲያጥረው ብድሩ እጁ ላይ ነው።

ባለሙያዋ ብድሩን አትጠላም። ከአራጣ አበዳሪ ጋር ሲነጻጸር መሻሉን ታውቃለች። የምትጨነቀው በጊዜው ነው። እንበል፣ አንድ ሺህ ብር ለአንድ ወር ተበድሮ 60 ብር የአገልግሎት ክፍያ ቢታሰብ ከባድ አይመስልም። ያንኑ ብድር በየወሩ እየከፈለ እየተበደረ ዓመቱን የዘለቀ ሰው ግን 720 ብር ከፍሎም የአንድ ሺህ ብሩ ዕዳ እንዳለበት ነው። ቡሬ ዘይት ፋብሪካ ውስጥ በወር ደመወዝ የሚሠራ ወጣት የሠላሳ ቀን ብድር ሊስማማው ይችላል፤ ደመወዙ ከቀነ ገደቡ ጋር ይገጥማል። የገበሬው ገቢ ግን በአዝመራ ነው። ሜጫ ላይ 7,000 ሄክታር ያህል እንዲያለማ የተሠራው የቆጋ መስኖ ተጠቃሚዎች እንኳ በመስኖና በክረምት ሁለት ጊዜ ቢያመርቱም፣ በመካከሉ ያሉት ወራት ገንዘብ የማይገባባቸው ናቸው። የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ የዛሬው ፀደይ ባንክ፣ በገጠር ያደገው ለገበሬው የተስማማ ብድር ይዞ በመሄዱ ነው። ስለዚህ ከስልክ ላይ ብድር ከመውሰዱ በፊት ለሚጠይቃት ሁሉ የምታነሳው ጥያቄ አንድ ነው፤ የሚከፈልበት ቀን ላይ ከየት የሚመጣ ገንዘብ አለህ? መልሱ «ከሌላ ብድር» ከሆነ እንዳይወስድ ትነግረዋለች።

ማሽን የሰጠ ሁሉ የራስ እንዳልሆነ አገር ያየው በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ነው። በንግድ ባንክ ሲስተም ላይ በተፈጠረ ችግር በአንድ ሌሊት ሰዎች ሂሳባቸው ውስጥ ከሌለ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ፤ ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ባንኩ የተወሰደበት ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑን ገለጸ፤ ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶግራፍም ይፋ አደረገ። 

እውነተኛው ክሬዲት ካርድ ወደ ምዕራብ ጎጃም የሚመጣው ለጥምቀት ወይም ለሠርግ ከውጭ በሚገባ ዘመድ ኪስ ውስጥ ነው። አሜሪካ የሚኖር ሰው በክሬዲት ካርዱ ዕቃ ገዝቶ ሙሉውን በወቅቱ ከከፈለ ወለድ የለበትም። በዚያው ካርድ ከኤቲኤም ጥሬ ብር ካወጣ ግን የማውጫ ክፍያ ይጨመርበታል፣ ወለዱም ከዚያው ቀን ይጀምራል። ለሠርግ የሚሆን ብር በዴቢት ካርድ ማውጣት ወይም በባንክ መላክ ይሻላል። ከዚያ አገር የሚመጣው ሌላው ወሬ «በወር ትንሽ ትንሽ ከከፈልሽ ይበቃል» የሚለው ነው። በዓመት 22 በመቶ ወለድ የሚታሰብበት 1,000 ዶላር ዕዳ በወር 18 ዶላር ገደማ ወለድ ይወልዳል፤ 30 ዶላር የከፈለ ሰው ከዋናው ዕዳ የቀነሰው 12 ዶላር ብቻ ነው። በአንጻሩ የአሜሪካ ሕግ የተሰረቀን ክሬዲት ካርድ በተመለከተ የባለቤቱን ኃላፊነት ከ50 ዶላር አያሳልፍም። እዚህ ደግሞ በትክክለኛ የሚስጥር ቁጥር ለወጣ ገንዘብ ቁጥሩን አሳልፎ የሰጠ ሰው የሚከራከርበት አቅም እምብዛም የለውም። የካርድን ፊትና ጀርባ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ለዘመድ መላክም ለማንኛውም ካርድ አደገኛ ነው።

ባለሱቆች ደግሞ የራሳቸው ፈተና አለባቸው፤ «ልኬያለሁ» ብሎ የስልኩን ስክሪን የሚያሳይ ገዢ። ምስሉ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ባለሱቁ የገዢውን ስልክ ከማየት ይልቅ የራሱን ቀሪ ሂሳብ ማየት አለበት፤ የቴሌብር መልእክት ከ127 ካልመጣም አለመቀበል ነው። «ሽልማት ደርሶሃል፣ የተላከልህን ኮድ ንገረኝ» ለሚል ደዋይ ስልኩን መዝጋት ብቻ ይበቃል። ካርድ ወይም ስልክ የጠፋበት ሰው እስኪነጋ አይጠብቅም፤ የንግድ ባንክ ደንበኛ ከሆነ 951 ደውሎ ወዲያውኑ ያሳግዳል፣ ከዚያ መታወቂያውን ይዞ ቅርንጫፍ ይሄዳል።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ሲቋረጥ በስልክ መተግበሪያ ብቻ ይጠቀሙ የነበሩ ሰዎች ተቸገሩ። ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩትን የቴሌብርን *127# ወይም የንግድ ባንክን *889# መጠቀም የሚያውቁ ኔትወርክ ባለ ጊዜ ሂሳባቸውን ማየትና መላክ ይችሉ ነበር፤ መንገድ ሲዘጋና ባንክ ሲዘጋ ግን እነሱም ጥሬ ብር አጡ። ከዚያ ወዲህ ባለሙያዋ ለገንዘብ አስቀማጭ ቤተሰቦች አንድ ምክር ትጨምርላቸዋለች፤ በሽተኛን ባሕር ዳር ሐኪም ቤት ለማድረስና ለጥቂት ቀናት ለማስተዳደር የሚበቃ ብር ቤት ውስጥ ይቀመጥ፣ የቀረው ባንክ ይሁን። የት እንደተቀመጠም ባልና ሚስት ሁለቱም ይወቁ።