ለሰው የሚስማማው የአየር ጠባይ የትኛው እንደ ሆነ የሚያስረዳ

ሰው በዚህ ምድር ሲኖር ልብሱን ይመርጣል፤ እህሉን ይመርጣል፤ ጎረቤቱንም ቢሆን እንደ አቅሙ ይመርጣል። ስለ አየር ጠባይ ግን ምርጫ የተሰጠው አይመስለውም። ፀሐይ ስትበረታ ወደ ጥላ ይሸሻል፤ ብርድ ሲጸና ወደ እሳት ይቀርባል፤ ዝናም ሲዘገይ ያዝናል፤ ሲበዛም ያማርራል። ይሁን እንጂ ምርጫው ፈጽሞ የተከለከለ አይደለም። የቀደሙ አባቶች የሰፈራቸውን ቦታ ሲለዩ፣ ዛፍ ሲተክሉ፣ የተተከለውንም ከመቍረጥ ሲከለከሉ የአየሩን ጠባይ በከፊል መርጠዋል። የዚህም ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ ማስረዳት ነው፤ ለምሳሌም ባሕር ዳርና የጣና ሐይቅ ዙሪያ ተወስዷል።

የአየር ጠባይ ምን እንደ ሆነ

የቀደሙ ሊቃውንት ይህ ዓለም ከአራቱ ባሕርያት፣ ማለት ከነፋስ፣ ከእሳት፣ ከውኃና ከመሬት እንደ ቆመ ያስተምራሉ። የአየርም ጠባይ በእነዚሁ ተመርምሮ ይታወቃል፤ የእሳት ባሕርይ በሙቀቱ፣ የውኃ ባሕርይ በዝናሙና በጤዛው፣ የነፋስ ባሕርይ በነፋሱ ብርታትና አቅጣጫ፣ የመሬትም ባሕርይ በአገሩ ከፍታና ዝቅታ ይገለጻል። የአንድ ቀን ዝናም ወይም የአንድ ሳምንት ሐሩር የአየር ጠባይ አይባልም፤ በብዙ ዓመት ተደጋግሞ የሚታየው ነው እንጂ። የአንድን ሰው ጠባይ በአንድ ቀን ቍጣው መፍረድ እንደማይገባ፣ የአንድንም አገር አየር በአንድ ቀን ዝናሙ መፍረድ አይገባም።

በኢትዮጵያ ከአራቱ ይልቅ የሚያይለው የመሬቱ ከፍታ ነው። ወደ ላይ 1,000 ሜትር በተወጣ ቍጥር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ሕዝቡም ይህን አስተውሎ አገሩን በከፍታው ከፍሎ ሰይሞታል። ከ500 ሜትር በታች ያለው በረሃ፣ ከ500 እስከ 1,500 ሜትር ያለው ቆላ፣ ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር ያለው ወይና ደጋ፣ ከ2,300 እስከ 3,200 ሜትር ያለው ደጋ፣ ከዚያም በላይ ያለው ውርጭ ይባላል። ባሕር ዳር በ1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ስለምትገኝ ከወይና ደጋ ወገን ናት። ከጣና ዳር ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ሰው የፎገራን ሜዳ አልፎ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ወዳለው ወደ ጉና ተራራ ይደርሳል፤ የዓባይን ወንዝ ተከትሎ የሚወርድ ደግሞ ወደ ቆላው ይገባል። በጥቂት ቀን መንገድ ብዙ ዓይነት አየር ያያል ማለት ነው።

የሦስት አገር ሰዎች ክርክር

ከደጋ፣ ከቆላና ከጣና ዳር የመጡ ሦስት ሰዎች በባሕር ዳር ገበያ ቢገናኙ እንዲህ እያሉ ሊከራከሩ ይችላሉ።

ሽማግሌው የጉና ሰው «ከደጋ የሚበልጥ አገር የለም። ንዳድ አያውቀንም፤ ውኃችን ቀዝቃዛ ነው፤ እህላችንን ነቀዝ ፈጥኖ አይበላውም፤ በጎቻችን በጠጕራቸው ያለብሱናል» ይላል።

የቆላው ሰው ሲመልስ «አባቴ፣ እርስዎ የተናገሩት እውነት ነው፤ ነገር ግን ውርጭ በአንድ ሌሊት ባቄላዎን ሲያቃጥለው አልነገሩንም። እኛ ማሽላና ሰሊጥ እናገኛለን፤ ጥጣችን አገር ያለብሳል፤ ሌሊቱንም ያለ እሳት እናድራለን» ይላል።

የጣና ዳሩ ሰው ደግሞ «ሁለታችሁም ግማሹን ይዛችኋል። በእኛ አገር ብርዱ አይገድልም፤ ሐሩሩም አያሰድድም። ጤፍና ዳጉሳ ከእርሻችን፣ ዓሣ ከሐይቃችን፣ ቡና ከዘጌ እናገኛለን» ይላል።

በዚህ ጊዜ ሽማግሌው «ልጄ፣ መልካም ተናገርህ፤ ክረምቱ ሲወጣ በየቤቱ የሚተኛውን በሽተኛ ግን ለምን ሳትቈጥር ቀረህ?» ብሎ ቢጠይቀው የጣና ዳሩ ሰው ዝም ይላል። የክርክሩም ፍሬ ያለው በዚህ ዝምታ ውስጥ ነው። ሁሉም የአገሩን ደስታ ቈጥሮ ዋጋውን ሳይቈጥር ቀርቷልና።

ሐይቁ የሚሠራው ሥራ

ጣና ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት አለው፤ ጥልቀቱ ግን ከ15 ሜትር አያልፍም። ውኃ ከመሬት ይልቅ ቀስ ብሎ ይሞቃል፤ ቀስ ብሎም ይቀዘቅዛል። ስለዚህ በቀን መሬቱ ሲግል በላዩ ያለው አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ በስፍራውም ከሐይቁ ቀዝቃዛ ነፋስ ይገባል። በሌሊት ነገሩ ተገልብጦ ከምድር ወደ ሐይቁ ይነፍሳል። ይህም በመሆኑ በባሕር ዳር ሐሩሩ የሚጠናው በሚያዝያና በግንቦት ሲሆን ከ30 ዲግሪ እጅግ አይርቅም፤ በታኅሣሥና በጥር ሌሊት ግን ብርድ ልብስ ያስፈልጋል።

በባሕር ዳር በዓመት የሚዘንበው ዝናም ወደ 1,400 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። በአገሩ ቍጥር ክረምት ሰኔ 26 ቀን ገብቶ መስከረም 25 ቀን ይወጣል። አንዳንድ ሰው አየርን እንደ ልብህ አድርግ ቢባል አስቀድሞ የሚሰርዘው ጭቃውንና ጉሙን ይዞ የሚመጣውን ይህን ክረምት ነው። ነገር ግን ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ሞልተው ሐይቁን የሚያጠግቡት በክረምት ነው። ክረምቱን የሰረዘ ሰው ሐይቁን፣ ከሐይቁም የሚወጣውን ዓባይን አብሮ ሰርዟል።

ለሰው የጣፈጠ አየር ለትንኝም እንደሚጣፍጥ

ወባ በትንኝ የምትተላለፍ በሽታ መሆኗ ዛሬ ታውቋል። በሽታውን የሚያመጣው እጅግ ረቂቅ ሕዋስ ከትንኟ ሆድ ውስጥ ለመብሰል ሙቀት ይፈልጋል፤ ትንኟም ለመፈልፈል የቆመ ውኃ ትፈልጋለች። በደጋ ብርዱ ይከለክለዋል። በጣና ዙሪያ ግን ሙቀቱም ውኃውም ይገኛል። በ1950 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ እስከ 1951 ዓ.ም. መጀመሪያ በኢትዮጵያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባለው አገር ተስፋፍቶ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሳመመ፤ ወደ 150,000 የሚሆን ሰውም እንደ ሞተ ተገምቷል። በዚያ ዓመት ዝናሙና ሙቀቱ ከልማዱ በልጦ ነበር።

ካለፈው 150 ዓመት ወዲህ የዓለም ሙቀት ከ1 ዲግሪ በላይ ጨምሯል። ይህ ለሚሰማው ሰው ጥቂት ይመስላል። ነገር ግን በ1,000 ሜትር 6 ዲግሪ በሚለው ስሌት 1 ዲግሪ ማለት ወደ 170 ሜትር ያህል ቍልቍል እንደ መውረድ ነው። ቤቱን ሳይነቅል፣ ከቀዬውም ሳይነሣ የደጋ ሰው ወደ ወይና ደጋ፣ የወይና ደጋም ሰው ወደ ቆላ እየቀረበ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ንዳድ አያውቀንም ያለው ሽማግሌ የልጅ ልጆቹ እንዲህ ለማለት መቻላቸውን ማሰብ ይገባዋል።

አየርን ስለ መረጡና ስለ ሠሩ ሰዎች

ከጎንደር መቈርቈር በፊት ነገሥታቱ በጣና ዙሪያ ከሰፈር ወደ ሰፈር ይዘዋወሩ ነበር፤ ዐፄ ሱስንዮስ በጎርጎራና በደንቀዝ ተቀምጠዋል። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. የቈረቈሯት ጎንደር ከሐይቁ ወደ 300 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ ከውኃው ሳትርቅ ከረግረጉ ተለይታለች። በ1879 ዓ.ም. ደግሞ እቴጌ ጣይቱ ከብርዳማው ከእንጦጦ በታች ባለው በፍል ውኃው አጠገብ ቤት በማሠራታቸው አዲስ አበባ ተቈረቈረች። እነዚህ ወደ ሚሻላቸው አየር የሄዱ ናቸው።

የዘጌ ሰዎች ግን አየሩን ባሉበት ሠርተውታል። በዘጌ በበሬ ማረስ ከጥንት ጀምሮ የተከለከለ ነው፤ ይህም ከአቡነ በትረ ማርያም ዘመን የመጣ ቃል ኪዳን እንደ ሆነ አባቶች ያወራሉ። ስለዚህ ደኑ ሳይመነጠር ቆየ፤ በጥላውም ሥር ቡናና ጌሾ በቀለ። በበጋ እኩለ ቀን ከተራቈተው ሜዳ ወደ ዘጌ ደን የሚገባ ሰው ወደ ሌላ አገር የተሻገረ ይመስለዋል። ቅጠሉ ፀሐይን ይጋርዳል፤ ከቅጠሉ የሚወጣው እርጥበት አየሩን ያቀዘቅዛል፤ ሥሩም አፈሩን ይይዛል። ከላይ ያለውን ሰማይ ማዘዝ አልተቻለም፤ ከዛፉ ሥር ያለውን አየር መሥራት ግን ተቻለ።

ለመምህራን

መምህሩ ልጆቹን «የአየሩን ጠባይ እንደ ልብህ አድርግ ብትባል እንዴት ታደርገዋለህ?» ብሎ ይጠይቅ። እያንዳንዱም ሙቀቱን፣ ዝናሙን፣ ነፋሱንና የአገሩን ከፍታ ይጻፍ። ከዚያ በኋላ ጓደኛው ተነሥቶ «በዚህ አየር ምን እህል ይበቅላል? ውኃው ከወዴት ይመጣል? ምን በሽታ ይከተለዋል?» ብሎ ይሟገተው። አንዱ ልጅ ሰማዩ የጠራበት ጥቅምት ዓመቱን ሙሉ ይሁንልኝ ቢል፣ ሰኔ ከሌለ ዘሩ እንደማይበቅል፣ ኅዳርም ካልመጣ አዝመራው እንደማይታጨድ ጓደኛው ያስታውሰዋል። በዚህ ዓይነት ክርክር ልጆች ምኞትን ከምክንያት ጋር ማስማማት ይለምዳሉ።

ማጠቃለያ

እንከን የሌለበት አየር በምድር ላይ አይገኝም፤ ዋጋው የታወቀ አየር ግን ይገኛል። የጣና ዳር ሰው ለስላሳውን አየር የሚጠቀምበት የቆመውን ውኃ ሲያፋስስ፣ በአጎበር ሲተኛ፣ ትኵሳት የያዘውንም ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ሲወስድ ነው። የደጋ ሰውም ብርዱን የሚችለው ኩበቱን ለእርሻው ትቶ ማገዶውን ተክሎ ሲያነድ ነው። ትምህርት ቤት ወይም አዲስ ሰፈር ከመሠራቱም በፊት ሽማግሎች ተጠርተው ውርጩ የሚያርፍበትን፣ ውኃ የሚተኛበትን፣ ነፋሱም የሚመጣበትን ስፍራ ቢናገሩ፣ መምህሩም ቃላቸውን ቢጽፈው፣ ከእነርሱ በኋላ የሚመጣው ትውልድ በጤና የሚያድርበትን ቦታ ያገኛል።