የሚዛን ቁጥጥር ወጪ በማን ትከሻ?

በኪሎ ወይም በሊትር የሚሸጥ ዕቃ እውነተኛ ዋጋው የሚታወቀው ገዢው የከፈለው ገንዘብ በእጁ ለገባው መጠን ሲካፈል ነው። ሚዛኑ ካጎደለ ዋጋው ሳይነገር ጨምሯል ማለት ነው። ይህን የሚከላከለው የመንግሥት የሥነ ልክ ቁጥጥር ሲሆን፣ ባለሙያ፣ ተሽከርካሪና የተፈተሸ መመዘኛ ይፈልጋል። ወጪውን የሚሸፍነው ወገን ማንነት ደግሞ የቁጥጥሩን ጥራት ይወስናል።

ለምሳሌ ደቡብ አፍሪካን እንውሰድ። ከጆሃንስበርግ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ በኤኩሩሌኒ ከተማ አስተዳደር ሥር ያለችው ቴምቢሳ እ.ኤ.አ. በ1957 በአፓርታይድ ዘመን ተመሠረተች። እንደ ሌሎቹ የደቡብ አፍሪካ የጥቁሮች መኖሪያ ከተሞች ሁሉ፣ ነዋሪው በየዕለቱ ከሥጋ ቤት፣ ከነዳጅ ማደያና ስፓዛ ከሚባሉት የሰፈር ሱቆች ጥቂት በጥቂት ይሸምታል። በስፓዛ ንግድ የተሰማሩ ኢትዮጵያውያንም ብዙ ናቸው። ቁርጥራጭ ብረት ሰብስቦ በኪሎ የሚሸጥ ሰው ግን ጉድለቱ የሚጎዳው በሻጭነቱ ነው፤ ሚዛኑ ያለው በገዢው ግቢ ነውና።

በአገሪቱ የቤንዚን የችርቻሮ ዋጋ በመንግሥት ይወሰናል፤ በየወሩ የመጀመሪያ ረቡዕም ይስተካከላል። ለነጭ ጋዝና ለቡታጋዝም የዋጋ ጣሪያ ተቀምጧል። ዋጋውን ከፍ ማድረግ ያልተፈቀደለት ነጋዴ ትርፉን ሊጨምር የሚችልበት አንዱ መንገድ መጠኑን ማሳነስ ነው። መለኪያው ካልተፈተሸ የዋጋ ጣሪያው ወረቀት ላይ ይቀራል። የነዳጅ ዋጋን መንግሥት በሚተምንባት ኢትዮጵያም ጉዳዩ ያው ነው።

ቁጥጥሩን ለገበያው ብቻ መተው የማይቻልበትን ምክንያት ቀላል ስሌት ያሳያል። በቀን 100 ኪሎ ሥጋ የሚሸጥ ሥጋ ቤት ከእያንዳንዱ ኪሎ 20 ግራም ቢያጎድል፣ የኪሎው ዋጋም 90 ራንድ ቢሆን፣ በቀን 180 ራንድ፣ በ300 የሥራ ቀናት 54 ሺሕ ራንድ ያለአግባብ ያገኛል። አንድ ኪሎ የገዛ ሰው ያጣው ግን 1.80 ራንድ ነው። ለዚህ ብሎ አቤቱታ የሚያቀርብ የለም፤ ቢጠረጥር እንኳ ማረጋገጫ መሣሪያ የለውም። በዓለም አቀፉ የሕጋዊ ሥነ ልክ ድርጅት ደንብ፣ በ5 ግራም የተከፋፈለ የሱቅ ሚዛን በአገልግሎት ላይ ሳለ በአንድ ኪሎ የሚፈቀድለት ስህተት 5 ግራም ነው። 20 ግራም የዚህ አራት እጥፍ ነው።

የደቡብ አፍሪካ አሠራር ሥራውን ለሁለት ይከፍለዋል። የመጀመሪያው ማረጋገጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው የሕጋዊ ሥነ ልክ ሕግ መሠረት ሚዛኑ ሕጋዊ መስፈርት ማሟላቱ ተረጋግጦ መታተም አለበት። ፍተሻውን ብቃታቸው የተመሰከረላቸው የግል ላቦራቶሪዎች ያከናውናሉ፤ ሒሳቡን የሚከፍለው ባለ ሚዛኑ ነው። ሁለተኛው የገበያ ቁጥጥር ሲሆን፣ ይህን የሚሠራው እ.ኤ.አ. በ2008 የተቋቋመው ብሔራዊ የአስገዳጅ ደረጃዎች ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ነው። የመሥሪያ ቤቱ ገቢ ከመንግሥት በጀት፣ ከአገልግሎት ክፍያ፣ እንዲሁም አስገዳጅ ደረጃ የወጣላቸውን እንደ ሲሚንቶና የታሸገ ዓሣ ያሉ ምርቶች ከሚያመርቱና ከሚያስመጡ ድርጅቶች ከሚሰበሰብ መዋጮ ነው።

እያንዳንዱ የገቢ ምንጭ የራሱ ችግር አለው። በጀት መንግሥት ሲቸገር ይቀነሳል፤ የሚዛን ጉድለት በዓይን ስለማይታይም ቅነሳውን የሚቃወም አይገኝም። የአገልግሎት ክፍያ ወጪውን በተጠቃሚው ላይ ያሳርፋል። ይሁን እንጂ ለትልቅ ሱፐርማርኬት ኢምንት የሆነ ክፍያ ለአንድ ሚዛን ባለቤት ከባድ ሊሆንና ከሥርዓቱ ውጭ ሆኖ መሥራትን ሊያስመርጠው ይችላል። በክፍያ የሚተዳደር ላቦራቶሪም የሚሄደው ወደ ጠራው እንጂ ወደ ተደበቀው አይደለም። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ አውራጃዎች በየዓመቱ በመሣሪያ ቁጥር የምዝገባ ክፍያ ያስከፍላሉ፤ ይህ ቋሚ ገቢ ያስገኛል፣ ነገር ግን የተሟላ መዝገብ ይፈልጋል።

መዝገብ በሌለበት ሚዛኑን ፈልጎ ማግኘቱ ራሱ ወጪ ነው። የደቡብ አፍሪካ ፕሬዚዳንት ሲሪል ራማፎሳ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 ስፓዛ ሱቆች በ21 ቀናት እንዲመዘገቡ ያዘዙት ሕፃናት በተመረዘ ምግብ በመሞታቸው ነበር፤ ቀነ ገደቡም እስከ የካቲት 28 ቀን 2025 ተራዘመ። ዓላማው የምግብ ደኅንነት ቢሆንም፣ በምዝገባው ቅጽ ላይ ስለ ሚዛን አንድ ጥያቄ ቢጨመር ተቆጣጣሪው በትንሽ ወጪ የመሣሪያዎቹን አድራሻ ያገኛል።

ስለዚህ አዋጪው አከፋፈል እንደ ሥራው ዓይነት ይለያያል። ሚዛኑ ነጋዴው ገንዘብ የሚያገኝበት መሣሪያ ስለሆነ የማረጋገጫውን ወጪ ባለቤቱ ቢሸፍን ተገቢ ነው፤ ክፍያው ግን በመሣሪያው አቅም መጠን ቢመደብ አነስተኛ ነጋዴዎች ይቀልላቸዋል። ድንገተኛ ፍተሻ የሚጠቅመው ሸማቹን ሁሉ ስለሆነ በግብር መሸፈን አለበት። የቅጣት ገንዘብም ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት ይግባ፤ መርማሪው መሥሪያ ቤት በቅጣት የሚተዳደር ከሆነ ጥፋት መቀነሱ ገቢውን ይቀንስበታልና።