የምድር ቤቱ መስኮት ለምን በሰበሰ?

አንባቢ ሆይ፤ በአዲስ አበባ ከቆዩት ቤቶች በአንዱ ምድር ቤት ተከራይተው የሚኖሩ እንደ ሆነ፥ ዛሬ ማታ ከሥራ ሲመለሱ አንድ ነገር ያድርጉልኝ። ካቻቢቴ ይያዙና የመስኮቱን ደፍ፥ ይኸውም ከታች የተጋደመውን እንጨት፥ በዳር በዳሩ ወጋ ያድርጉት። ደኅና እንጨት ጫፉን አያስገባም። ዘው ብሎ ከገባ ግን የሚያዩት እንጨት ሳይሆን ቀለም ነው። እኔም ተማሪ ሳለሁ በተከራየሁት ክፍል አዲስ የተቀባ ደፍ እንዲሁ ሸንግሎኝ፥ ክረምቱ ሲጋመስ አውራ ጣቴ ሰጠመበት።

ከተማይቱ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ከተሠሩት ትልልቅ ቤቶች የብዙዎቹ ታችኛው ክፍል ድንጋይ፥ ላይኛው እንጨትና ጭቃ ነው። ፒያሳ አካባቢ በ2016 ዓ.ም. ብዙ አሮጌ ቤቶች ስለ ፈረሱ፥ የቀሩትን መጠበቅ ይገባል። ቦታው ተዳፋት በሆነበት የምድር ቤቱ አንድ ወገን በአፈር ይቀበራል። ደጁ ዓመት በዓመት በአፈርና በሲሚንቶ ከፍ እያለ ሄዶ መስኮቱ ላይ ይደርሳል፤ አሸንዳው ከተቀደደማ የጣራው ውሃ ሁሉ እዚያው ይወርዳል። እንጨቱን የሚበላው ግን ውሃው ራሱ አይደለም፤ በእርጥበት የሚያድግ ፈንገስ ነው። እርጥበቱ ከመቶ 20 እጅ በታች የሆነ እንጨት አይበሰብስም።

ስለዚህ አናጢ ከመጥራትዎ በፊት አካፋ ይዋሱ። ከመስኮቱ ሥር ያለውን አፈር አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ አድርገው ውሃው ከግድግዳው እንዲሸሽ ያድርጉ፤ አሸንዳውንም ያስጠግኑ። ይህ ሳይደረግ አዲስ እንጨት ማስገባት ገንዘብን ጭቃ ውስጥ መቅበር ነው።

ጥገናው በበጋ ይሁን። የበሰበሰው ጤነኛው እንጨት እስኪገኝ ድረስ ተቆርጦ ይውጣ፤ በዚህ መሰሰት የለም። መቃኑም ተበልቶ እንደ ሆነ፥ ከላይ ያለው ጉበን የግድግዳውን ክብደት ተሸክሟልና አስቀድሞ በባላ ይደገፍ፤ ይህን ለብቻዎ አይሞክሩት። ለምትኩ ጽድ ይምረጡ፤ ምስጥም እርጥበትም ቶሎ አይደፍሩትም። ከፈረሰ ቤት የወጣ ጽድ ቢያገኙማ ደርቆ ያለቀ ነውና ይበልጣል። ባሕር ዛፍ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን እርጥቡን ከሠሩት ሲደርቅ ይጣመማል።

አዲሱ ደፍ ወደ ውጭ ጥቂት ያዘንብል፤ ጠብታው ወደ ግድግዳው እንዳይመለስም ከሥሩ በመጋዝ ቦይ ይውጣለት። ድንጋዩን የሚነካው ጎኑ፥ ማንም አያየውም ተብሎ ብዙ ጊዜ የሚተወው፥ ከመገጠሙ በፊት ቀለም ይጠጣ።

አከራይዎ «ቀለም ብቻ ይበቃዋል» ያሉዎት እንደ ሆነ፥ በትሕትና ካቻቢቴውን ያቀብሏቸው።